ቀዩ አፈር የያዘው ኬሚካል የት ይሄዳል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ በተወራ ቁጥር የሚነሳው ጥያቄ «በሄክታር ስንት ሊትር?» የሚለው ነው። ኬሚካሉ የሚያርፍበት አፈር ምን ዓይነት እንደሆነ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። በጅማ ዙሪያ ደግሞ «የኛ ቀይ አፈር ይዞ ያስቀረዋል» የሚል መጽናኛ ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው።

ቀዩ አፈር አሲዳማና በብረትና በአሉሚኒየም ኦክሳይድ የበለጸገ ሸክላ ነው። ግላይፎሴት የተባለው ፀረ አረም እነዚህ ኦክሳይዶች ላይ ክፉኛ ይጣበቃል። የሚጣበቅበት ቦታ ግን ፎስፈረስም የሚፈልገው ቦታ ነው። ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ፣ ኤን ፒ ኤስ፣ ከላይ ሲበተን ሁለቱ ይሻማሉ፤ ከግላይፎሴቱ የተወሰነው ቦታውን ለቆ ወደ አፈሩ ውኃ ይገባል። ኖራም አሲድነቱን ሲቀንስ፣ ማለትም ፒኤቹን ከፍ ሲያደርግ፣ አፈሩ ግላይፎሴትን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ኖራ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ አሲድ በበዛበት ማሳ በቆሎው ያለ እሱ አይሆንም። ማዳበሪያውን ግን በተረጨ ማሳ ላይ ከመበተን በመስመር መቅበር ይሻላል።

አትራዚን የተባለው የበቆሎ ፀረ አረም ጠባዩ ሌላ ነው፤ እሱን በዋናነት የሚይዘው በአፈሩ ውስጥ ያለው ብስባሽ ነው። በብስባሹ ውስጥ ላለው ኦርጋኒክ ካርቦን ያለው የመጣበቅ መለኪያ 100 ገደማ ነው። ካርቦኑ 5 በመቶ በሆነ የቡና ጥላ ሥር አፈር ላይ 100ን በ0.05 ስናባዛ 5 ይመጣል፤ አንድ ኪሎ አፈር አንድ ሊትር ውኃ ከሚይዘው አምስት እጥፍ ይይዛል ማለት ነው። ለዓመታት ታርሶ 1.5 በመቶ በቀረው ማሳ ላይ ግን 1.5 ብቻ ነው። ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? አንድ ኪሎ አፈር በአንድ ሊትር ውኃ ቢበጠበጥ፣ በመጀመሪያው ከአትራዚኑ 17 በመቶ ያህሉ ውኃው ውስጥ ይቀራል፤ በሁለተኛው 40 በመቶው። ከዝናብ ጋር ወደ ታች የሚሰርገው ይህ ውኃ ውስጥ የቀረው ነው። ጉዱ ደግሞ አትራዚን የሚረጨው በቆሎ ላይ፣ በቆሎውም የሚዘራው በተሟጠጠው አፈር ላይ መሆኑ ነው። ፍግ ለምርት ብቻ ሳይሆን ለጉድጓድ ውኃም ይጠቅማል የምንለው ለዚህ ነው።

የማሳውን ካርቦን ለማወቅ ከ0 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ዚግዛግ እየሄዱ ከ10 እስከ 15 ቦታ አፈር ወስዶ በንጹሕ ባልዲ መቀላቀልና ግማሽ ኪሎ ያህሉን ለላቦራቶሪ መስጠት ይበቃል። ውጤቱ «ኦርጋኒክ ቁስ» ተብሎ ከመጣ ለ1.72 ማካፈል ነው። ባልዲው ማዳበሪያ የተያዘበት ከሆነ ውጤቱን አትመኑት።

ረባዳው ላይ ያለው ጥቁር አፈር፣ ኮቲቻው፣ በቤተ ሙከራ ሲለካ ኃይለኛ ያዥ ነው። ማሳ ላይ ግን በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ከግማሽ ሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል። ስንጥቁ ሳይዘጋ ተረጭቶ ዝናብ ከመጣ ውኃው ኬሚካሉን ይዞ አፈሩን በቅጡ ሳይነካ ከሰብሉ ሥር በታች ይወርዳል። ስለዚህ አፈሩ ጠጥቶና አብጦ ስንጥቁ እስኪዘጋ መጠበቅ ግድ ነው።

ወደ ቀዩ ስመለስ፣ ኬሚካሉን የያዘው አፈር ራሱ ተዳፋቱ ላይ አይቀመጥም። ክረምት ላይ ወንዞቻችን ማኪያቶ መስለው ሲወርዱ የሚታየው ደለል የተጣበቀበትን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ማረፊያው ረግረጉ ወይም የግልገል ጊቤ ግድብ ነው። ዲዲቲን የመሰሉ ውኃ የማይወዱ ኬሚካሎች በዋናነት የሚጓዙት እንዲህ ነው፤ ደለል ውስጥም ለዓመታት ይቆያሉ። በማሳው ግርጌ በኮንቱር፣ ማለትም ተዳፋቱን አግድም ተከትሎ፣ የተተከለ የቬቲቨር ሣር የሚያስቆመው ደለሉን ነው። በውኃ የሟሟውን አትራዚን ግን ያን ያህል አያግደውም።

ድፍርስ ውኃም ሌላው ጣጣ ነው። ከወንዝ የተቀዳ ቀይ ውኃ ወደ መርጫው ሲገባ ግላይፎሴቱ አረሙን ሳያገኝ እዚያው ታንኩ ውስጥ ሸክላው ላይ ይጣበቃል። አረሙ አልሞት ሲል «መድኃኒቱ አስመስሎ የተሠራ ነው» ይባልና መጠኑ በእጥፍ ይጨመራል። ውኃውን በባልዲ አሳድሮ ከላይ የጠራውን መቅዳት ይረዳል፤ የቧንቧ ወይም የዝናብ ውኃ ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው።

መርጫውን አዌቱ ዳር ማጠብም ይቅር። ወንዙ ውስጥ ኬሚካሉን ይዞ ባለበት የሚያስቀር አፈር የለም። ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን እዚያው የተረጨው ማሳ ላይ፣ ከወንዝና ከጉድጓድ ርቆ መርጨት ነው።

የአፈር ባለሙያ፣ ከጅማ