ስለ በጋ ስንዴ ስትጽፉ በቃዳ ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የበጋ መስኖ ስንዴ ወራት በደረሰ ቁጥር የምታወጡት ዜና ስንት ሄክታር በኩታ ገጠም እንደተሸፈነ ይነግረናል። ይሁን። የኮጋና የፎገራ ገበሬ ግን መሬቱን የሚቆጥረው በቃዳ ነው። አራት ቃዳ አንድ ሄክታር መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ሒሳቡ የሚበላሸው የመድኃኒት መርጫው ፓምፕ ጋ ሲደረስ ነው።

ዋግ ለሚባለው የስንዴ በሽታ የሚረጨው ጸረ ፈንገስ መድኃኒት፣ ፕሮፒኮናዞል 250 ኢሲ፣ ለሄክታር ግማሽ ሊትር ነው፤ ለቃዳ 125 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ባለ 16 ሊትር የጀርባ መርጫ ቃዳዋን በሦስት ሙሌት ከጨረሰ ለአንዱ ሙሌት 42 ሚሊ፣ በአራት ከጨረሰ 31 ሚሊ ይደርሰዋል። ስንት ሙሌት እንደሚፈጅ የሚታወቀው አስቀድሞ ንጹህ ውኃ ብቻ ሞልቶ፣ በተለመደው እርምጃ ማሳውን በመርጨት ነው። ይህ ስለማይደረግ መድኃኒቱ በጠርሙሱ ክዳን ይገመታል። ሲያንስ ዋጉ አይቆምም፣ «መድኃኒቱ አይሠራም» ይባላል (አንዳንዴ በእርግጥ አይሠራም፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው)። ባለ 10 ሚሊ ሲሪንጅ ይህን ሁሉ ይፈታል፤ ለሌላ ነገር እንዳይውል ብቻ ምልክት ይደረግበት።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ቅጠሉን በጣት ሲያብሱት በመስመር የተሰለፈ ቢጫ ዱቄት ከተነሣ ቢጫ ዋግ ገብቷል፤ የሚረጨው ያኔ ነው። ፍሬውን በአብዛኛው የሚሞላው ከዛላው ሥር ያለው የመጨረሻው ቅጠል ስለሆነ፣ እሱ ከደረቀ በኋላ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። «ዝርያዬ ይቋቋማል» ብሎ መተኛትም አያዋጣም። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ከጣለ በኋላ በቦታው የተስፋፋውን ቀቀባ የተባለ ዝርያ ዛሬ አይምረውም። የሚረጨው ጠዋት፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላና ንፋስ ሳይነሣ ነው።

ዩሪያ ሌላው ኪሣራ ነው። ሲሦው በዘር ወቅት፣ የቀረው ቡቃያው ከጎኑ ሲያቆጠቁጥ ይሰጣል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የሚረሳው ውኃው ነው። በደረቅ መሬት ላይ ተበትኖ የውኃ ተራ እስኪደርስ ቀናት ከቆየ አየር ሆኖ ይተናል፤ ውኃው ከመጠን ካለፈ ደግሞ ከሥሩ በታች ይሰርጋል። ስለዚህ የሚበተነው ተራው በደረሰበት ቀን ሆኖ፣ ውኃው ቀለል ብሎ ይለቀቅ። ከዚያ በፊት አረም ይታረም፤ አለዚያ ዩሪያው ሲናር ይቀልባል። ሲናር በቡቃያነቱ ስንዴ ይመስላል። ስንዴ ግን ቅጠሉ ግንዱን በሚያቅፍበት ቦታ ሁለት ቀጫጭን ጆሮዎች አሉት፣ ሲናር የለውም።

ጋዜጣችሁ የዘንድሮውን ምክር በቃዳና በፓምፕ ቀይሮ ቢያትም፣ ከተሸፈነው ሄክታር ጎን ለጎንም ከአንድ ቃዳ ስንት ኩንታል እንደተገኘ ቢጠይቅ እንወዳለን። መድኃኒት የሚሸጡ ማኅበራትም ሲሪንጁን አብረው ይሽጡ።

የሰብል ልማት ባለሙያዎች፣ ከባሕር ዳር