እጅ ወደ ኋላ፦ የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዓመቱን የጀመረው በስህተት ነው፤ ስህተቱም የኔ። ጥቅምት መግቢያ ላይ የምዝገባ ማስታወቂያውን በትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ቻናል ለቀቅኩና ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። 31 ተማሪ ተመዘገበ። ደስ አለኝ። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ግን ዞር ዞር ብዬ ሳይ ስማርት ስልክ የሌለው አንድም ልጅ የለም። ሴቶቹ 6 ናቸው። ዕቅዳችን ላይ ደግሞ «ቴክኖሎጂ ላልደረሳቸው መድረስ» ብለን በደማቁ ጽፈናል። ላልደረሳቸውማ ማስታወቂያውም አልደረሳቸውም።

ይህን ያሳየችኝ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ቲቸር፣ ምዝገባ አለ ብሎ የነገረን የለም እኮ» አለችኝ። ቤታቸው ያለው ስልክ አንድ ነው፤ እሱም ከወንድሟ ኪስ አይወጣም። በማግስቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ራሴ ወጥቼ ተናገርኩ። 19 ልጆች ተጨመሩ። 14ቱ ሴቶች ናቸው።

የኮምፒውተር ክፍላችንን ታውቁታላችሁ። በንብረት መዝገብ 24 ኮምፒውተር አለን፤ የሚሠሩት 9 ናቸው። መብራት ሲኖር ማለቴ ነው። የመጀመሪያውን መንፈቅ በአብዛኛው ለ12ኛ ክፍሎች ሰጠነው። በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኮምፒውተር ከተሰጠ ወዲህ የልጆቹ ጭንቀት ሌላ ሆኗል። በፊዚክስ ማንም የማይደርስበት አንድ ልጅ አለን። ማውሱን እየገፋ፣ እየገፋ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ደረሰና ቆመ። ቀስቷ ገና መልሱ ጋ አልደረሰችም። ቀና ብሎ አየኝና «ቲቸር፣ ጠረጴዛው አለቀ» አለኝ። ማውስ ከፍ ተደርጎ ወደ ኋላ እንደሚመለስ ማን ነግሮት ያውቃል? እኔም ይህ ትምህርት የሚያስፈልገው ነገር መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

በኢንተርኔት የሚሰጠውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የጀመሩ አባላትም ነበሩን። ጨርሰው ሰርተፊኬት ያገኙት 7 ናቸው፤ እንኳን ደስ አላችሁ። ሰባቱም ቤታቸው ኢንተርኔት ያላቸው ናቸው። ይህን የምጽፈው የልጆቹን ድካም ለማሳነስ አይደለም።

ከታኅሣሥ ጀምሮ ሥራችን ከግቢ ወጣ። ቅዳሜ የደብረ ብርሃን ገበያ ነው፤ ሰዉ በበራችን ያልፋል። በሩ አጠገብ አንድ አግዳሚ ወንበር አወጣንና «ስልክዎ ላይ የቸገረዎት ነገር አለ?» የሚል ወረቀት ለጠፍን። ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀት ምን ይፈይዳል? አንዴ ተሳስቼ አልተማርኩም ማለት ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ወረቀቱን ትተን ድምፀ ጎርናና ልጅ አቆምን። ብርዱን አታንሱብኝ።

መጀመሪያ ላይ ልጆቻችን ፈጣኖች ነበሩ። አንዲት እናት የመብራት ሊከፍሉ ስልካቸውን ሰጡ። ልጁ ተቀበለ፣ ሚስጥር ቁጥራቸውን ጠየቀ፣ ጣ ጣ ጣ አደረገና «ይኸው እማማ፣ ተከፍሏል» ብሎ መለሰላቸው። መርቀውት ሄዱ። በወሩ ተመልሰው መጡ። «እንዳለፈው አድርግልኝ የኔ ልጅ» አሉት።

እኔ የፕላዝማ ዘመን ተማሪ ነኝ። በ1997 አካባቢ ክፍላችን ውስጥ የተሰቀለውን ያን ቲቪ የማያስታውስ እኩያ የለኝም። መምህሩ ከስክሪን ውስጥ ይጠይቃል። እኛ ከእንግሊዝኛው ጋር ስንታገል «በጣም ጥሩ!» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ማንን በጣም ጥሩ እንዳለ እስከ ዛሬ አላወቅንም። የእኛ ልጆችም ፕላዝማ ሆነው ቁጭ አሉ።

እናም ሕግ አወጣን። አስረጂው እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። ስልኩ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። መናገር ይቻላል፤ መንካት አይቻልም። ሚስጥር ቁጥር ሲገባ ደግሞ ፊት ይዞራል። ልጆቹ ምን ያህል እንደተሰቃዩ ባያችሁ! አንዱ «ቲቸር፣ በስካርፕ እሰሩኝ» ብሎኛል። አንድ ሰው በሁለት ደቂቃ ይሸኝ የነበረው ልጅ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበት ጀመር። ወረፋው ረዘመ፤ ያጉረመረመም ነበር። ግን በወሩ ያንኑ ጥያቄ ይዞ የሚመለሰው ሰው እያነሰ ሄደ።

ችግሩ ስልኩም አይታገስም። አብዛኛው ሰው ይዞ የሚመጣው ባለ ቁልፍ ቀፎ ነው። ቴሌብር በ2013 ሲጀመር በዚህም ቀፎ፣ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ተደርጎ ነው የመጣው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮከብ 127 መሰላል ተብሎ ይደወላል፤ ዝርዝሩ ይመጣል። እማማ መነጽራቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው እስኪያወጡ ዝርዝሩ ይጠፋል። እንደገና። ቁጥሩን እስኪያስታውሱ ይጠፋል። እንደገና። መፍትሔውን ያመጣችው ያቺ ስልክ የሌላት የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። የሚመጡትን ዝርዝሮች በተርታ ደብተር ላይ ሣለቻቸው። መጀመሪያ መነጽር ይደረጋል፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ በጣት ይለመዳል፣ መደወል በመጨረሻ። የእጅ ስልክ ሳይኖራት ከሁላችንም በላይ የገባት፣ ሳይገባ ሲቀር ምን እንደሚመስል ስለምታውቅ ይመስለኛል።

ስማርት ስልክ ያላቸውም ሌላ ጣጣ አለባቸው። አንድ ገበሬ ልጃቸው የገዛላቸውን አዲስ ስልክ ይዘው መጡ። ይነካሉ፣ ስክሪኑ አይሰማም። «ጣቴ ሞቷል እንዴ?» አሉ። በሞፈርና በማጭድ የደነደነ ጣት፣ በዚያ ላይ ብርዱ ያደረቀው፤ ስክሪኑ አያውቀውም። ጣታቸው ላይ እፍ እንዲሉበት ነገርናቸው። ሠራ። ከት ብለው ሳቁ።

በጣም ያስጨነቀን ግን ማጭበርበሩ ነው። ከተራ ቁጥር «ይህን ያህል ብር ደርሶዎታል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ወዲያው አንዱ ይደውልና «በስህተት ነው የላክሁት፣ ስለ እግዚአብሔር ይመልሱልኝ» ይላል። ሰዉ ሩኅሩኅ ነውና ይመልሳል። የቴሌብር መልእክት ላኪው 127 ነው፤ ከላይ ያንን ማየት፣ ቀጥሎ ቀሪ ሂሳብን ማየት። ፊደል ባይለዩም እነዚህን ሦስት አኃዞች የማይለይ ሰው አልገጠመንም። ብር ነው እኮ የሚቆጥሩት።

አንድ ጥፋታችንን ሳልናገር አላልፍም። መጋቢት ላይ ከአባላቱ አንዱ በደብተሩ የ11 ሰዎችን ሚስጥር ቁጥር ጽፎ አገኘሁት። ክፋት አልነበረውም። «እረሳዋለሁ፣ አንተ ያዝልኝ» ብለውት ነው። አመኑት፤ እሱም አመናቸው። ገጹን አብረን ቀደድነው፤ ልጁም ሰዎቹን አንድ በአንድ እየፈለገ ቁጥራቸውን በራሳቸው እጅ እንዲቀይሩ አደረገ። ሦስት ቅዳሜ ወሰደበት። ሁለቱን ግን ልናገኛቸው አልቻልንም።

ሚያዝያ ላይ አንዲት እናት በነጠላ የተጠቀለለ ስልክ ይዘው መጡ። ኩዌት ያለችው ልጃቸው የላከችላቸው ነው። በኢሞ ያወራሉ፤ የሚደውልላቸው የጎረቤት ልጅ ነው። «ስናወራ አጠገቤ ይቆማል» አሉ። «ደህና ነሽ ወይ እላታለሁ፣ ደህና ነኝ ትለኛለች። ሰው ባለበት ሌላ ምን ይባላል?» ፊደል አልቆጠሩም። ሰማያዊውን ምልክት፣ ከዚያ የልጃቸውን ፎቶ፣ ከዚያ የመደወያውን ምልክት። ብቻ ይህንን። እሱም ሦስት ቅዳሜ ፈጀ፤ አንዴ ፎቶዋን በረጅሙ ተጭነው ልትጠፋ ነው ብለው ደንግጠዋል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጠራ። ተነሳ። «እማዬ? ማነው የደወለልሽ?» የሚል ድምፅ ሰማን። «እኔ ነኛ!» አሉና ብድግ ብለው ስልኩን እንደያዙ ወደ አጥሩ ጥግ ሄዱ። አስረጂው ልጅ እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ አግዳሚው ላይ ቀረ። ፊቱንም አዙሯል፤ ሕጉ ለሚስጥር ቁጥር ብቻ መሆኑን የነገረው የለም። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተው ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ተመለሱ። «ተቋረጠብኝ፤ ጥቅሉ አልቋል መሰለኝ» አሉ። ተቀመጡ። «በል አሁን እሱ እንዴት እንደሚገዛ ንገረኝ፤ እንዳትነካብኝ።»

የ2018 የአባላት ምዝገባ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ሰንደቅ ዓላማ ላይ ይነገራል። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። የተሰበረ መነጽር ያላችሁ አምጡልን፤ መስታወቱ ደህና ከሆነ እጀታውን እናሠራለን።