ከጥቅምት እስከ ጥምቀት የምትለማመጂው

ጎንደር፣ መስከረም

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጥቅምት መግቢያ ላይ መጥተሽ፣ ጥምቀትን አብረሽን ውለሽ እንደምትመለሺ ከሰማን ጀምሮ እናትሽ ቤቱን እያሰናዳች ነው። እኔ ደግሞ የላክሽልኝን የዲስክ ጎልፍ፣ የዚያ ዲስክ ወርውሮ በጥቂት ውርወራ ቅርጫት ውስጥ የማስገባት ጨዋታሽን፣ ውጤቶች ቅርጫት በቅርጫት ስመለከት ሰነበትኩ። ግንቦት ላይ ባለው ውድድር ከአርባ ዓመት በላይ በሆኑት አማተር ሴቶች ምድብ የተሻለ ቦታ እንድትይዢ ከልቤ እመኛለሁ፤ እዚህ የምትቆዪባቸውን ሳምንታት በምን ብናውላቸው እንደሚበጅ ያሰብኩትን እነሆ።

በደብዳቤሽ «ውርወራዬ አጭር ነው፣ ርቀት ልጨምር» ብለሻል። ወረቀቶቹን ሳይ ግን ውርወራ የሚባክንብሽ ቅርጫቱ አጠገብ ነው። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሜትር ላይ ትስቻለሽ፤ ከአርባ ሜትር የምትልኪውም ዲስክ ከቅርጫቱ አሥራ ሁለት ሜትር ርቆ ይቆማል። ከመነሻው አሥር ሜትር ለመጨመር ወራት ይፈጃል፤ ጨምረሽም በዘጠና ሜትሩ ቅርጫት ላይ ሁለተኛው ውርወራ አይቀርልሽም። ስድስት ሜትር ላይ መሳት ግን ወዲያው አንድ ሙሉ ውርወራ ያስከፍላል። በተለመደ ባለ 18 ቅርጫት ሜዳ አንድ ውርወራ ወደ 10 የሬቲንግ፣ ማለትም የተጫዋች ደረጃ፣ ነጥብ ይገመታል፤ በየዙሩ ሁለት ብታድኚ ሬቲንግሽ በ20 ገደማ ከፍ ይላል ማለት ነው። ስለዚህ ከልምምድሽ ግማሹን ለቅርቡ፣ ሩቡን ለመካከለኛው፣ የቀረውን ሩብ ብቻ ለሩቁ ስጪ።

ቅርጫቱን እዚሁ ብየዳ ቤት አሠራዋለሁ። ምሰሶው ቱቦላሬ ነው፤ የታችኛው ሳህን ከንፈር ከመሬት 82 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። በውድድር የሚገጥምሽ ቁመት እሱ ስለሆነ ዓይንሽ ሌላ እንዲለምድ አልፈልግም። የሳህኑ ስፋት 65 ሳንቲሜትር፣ ሰንሰለቱ የሚንጠለጠልበት ቀለበት 55 ይሆናል፤ በውጭ በኩል 12፣ በውስጥ 6 ሰንሰለት። ቤት ውስጥ የሚሠሩ ቅርጫቶች ብዙውን ጊዜ ውስጠኛው ሰንሰለት ይቀርባቸዋል፤ ያኔ ዲስኩ በሁለት ሰንሰለት መሀል ሾልኮ ይወጣል፣ ወይም ምሰሶውን መትቶ ይመለሳል። ሰንሰለቱም ልል ሆኖ መንጠልጠል አለበት፤ ከተወጠረ በደንብ የተወረወረውንም አንጥሮ ይመልሰዋል።

በየማለዳው ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ስድስት ተመሳሳይ ፓተር (ለቅርብ ውርወራ የሚሆነውን ዲስክ) ይዘሽ ከ5 ሜትር ስድስት፣ ከ7 ስድስት፣ ከ9 ስድስት ትወረውሪያለሽ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ትደግሚዋለሽ። ከ5 ሜትሩ አንድ እንኳ ከሳተ ወደ 7 አትሂጂ፣ እዚያው ድገሚው። እስከ ጥምቀት ድረስ ከ5 ሜትር ስድስቱም፣ ከ7 አምስቱ፣ ከ9 ሦስቱ የሚገቡ ከሆነ ጥሩ ደርሰሻል። የገባውን ብቻ ሳይሆን የሳተው በየት በኩል እንደሳተ ጭምር በደብተር ጻፊ፤ መድኃኒቱ ያለው እዚያ ነው። ዝቅ ብሎ ሳህኑን ከመታ እግርሽ አልገፋም ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ይህ የሚመጣው እንዳይርቅብኝ ብለሽ እጅሽን መጨረሻ ላይ ስታዘገዪው ነው። በቀኝ በኩል ከሄደ ትከሻሽ ቀድሞ ተከፍቷል። ሽቅብ ተንሳፍፎ ካለፈ የዲስኩ አፍንጫ፣ ማለትም የፊት ጠርዙ፣ ቀና ብሏል፤ ነፋስ ከፊት ሲመጣ ደግሞ ይህ ጥፋት እጥፍ ይሆናል። የፊት ነፋስ ዲስክን ያነሳል፣ የኋላ ነፋስ ይጥላል፤ ስለዚህ ነፋስ ከኋላሽ ሲሆን ከፍ አድርገሽ አልሚ።

ከ10 ሜትር ክልል ውስጥ ዲስኩን ከለቀቅሽ በኋላ ሚዛንሽን ይዘሽ እንደቆምሽ ሳይታይ ወደፊት ማለፍ ሕጉ አይፈቅድም። በየውርወራው «አንድ፣ ሁለት» ብለሽ ቆጥረሽ ብቻ እግርሽን አንሺ። ዲስኩ ያረፈበትን ከሚያሳየው ምልክት ኋላ የምትቆሚበትን 20 በ30 ሳንቲሜትር ቦታም በኖራ እሰምርልሻለሁ፤ አንድ እግርሽ ሁልጊዜ እዚያ ውስጥ ይሁን። ውድድር ላይ የምታባክኚው ጊዜም እንዳይኖር እያንዳንዱን ውርወራ ከ30 ሰኮንድ በታች መጨረስን ከወዲሁ ልመጂ።

መካከለኛውን ለመለማመድ ሜዳ ላይ ቢጫ ጀሪካን አስቀምጪና ከ25፣ ከ40 እና ከ60 ሜትር ላኪ። ከጀሪካኑ በአምስት ሜትር ውስጥ ያረፈውን ቁጠሪ፤ ከአሥር ስድስት ከደረሰ ርቀቱን ቀይሪ። እዚህ መሬቱ በጥቅምት መድረቅ ይጀምራል፣ በታኅሣሥ ድንጋይ ይሆናል፤ በሃይዘር፣ ማለትም ግራ ጠርዙ ዝቅ ብሎ፣ ተጋድሞ የሚወርድ ዲስክ መሬቱን ነክቶ ወደ ግራ እየተንሸራተተ ይሮጣል። ስለዚህ ሮክ የመሰለውን ሚድሬንጅ (ለመካከለኛ ርቀት የሚሆን ዲስክ) ዝቅ አድርገሽ ለጥ ብሎ እንዲያርፍ ወርውሪው። ቀላልና ብዙ ሰው የሚንቀው ልምምድ ነው፤ ለአንቺ ግን ከሁሉም በላይ የሚጠቅምሽ ይኸኛው ይመስለኛል።

አሁን ስለ አየሩ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ አንቺ ያለሽባት ሲያትል ግን ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም። አየሩ እዚህ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ዲስኩን የሚደግፈውም ወደ ቀኝ የሚያዞረውም ኃይል ይቀንሳል። እዚያ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ዞር ብሎ የሚመለሰው ሌፐርድ የተባለው ዲስክሽ እዚህ ቀጥ ብሎ ይሄድና ቀደም ብሎ ወደ ግራ ይወድቃል። ክንዴ ደከመ ብለሽ እንዳትጨነቂ። ለማረም ስትዪም ዲስኩን በግድ ወደ ቀኝ ማዘንበል እንዳትለምጂ፤ ሲያትል ስትመለሺ ያው ውርወራ ቀኝ ዳር ከሜዳ ያስወጣሻል። እዚህ ሆነሽ የዲስክ ምርጫ አትቀይሪ፤ የእጅሽን መንገድ ብቻ አስተካክዪ።

ለረጅሙ ውርወራ ከሳምንት ሁለት ቀን፣ በመሀሉ ቢያንስ ሁለት ቀን ዕረፍት፣ በአንድ ጊዜ ከ35 ውርወራ አይለፍ። ከአርባ በኋላ ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ዘግይቶ ያገግማል፤ ክርን ላይ የሚጀምር ሕመም ብዙውን ጊዜ ከጅማት ነው፣ አንዴ ከያዘም ወራት ያስቀምጣል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ቀናት ትንፋሽሽ ቦታውን እስኪለምድ ጭራሽ አትወርውሪ፤ በእግር መሄድ ብቻ።

ስትጀምሪ ያለ እርምጃ ቆመሽ፣ ቀጥሎ በአንድ እርምጃ፣ ሩጫ የመሰለው ሦስት እርምጃ ከኅዳር በኋላ ይምጣ። በላክሽልኝ ቪዲዮ ዲስኩ ትከሻሽን ዞሮ ይመጣል፤ የላይኛው ክንድሽ ከደረትሽ ጋር ስለሚጣበቅ ኃይሉ እዚያው ይጠፋል። ክርንሽ ከደረትሽ ርቆ ወደፊት ይምራ፣ ዲስኩ በደረትሽ ፊት ቀጥ ባለ መስመር ይለፍ። የፊት እግርሽ ሙሉ በሙሉ መሬት ሳይይዝ ክንድሽ መሳብ የለበትም፤ ከለቀቅሽ በኋላም በተረከዝሽ ዙሪ፣ አለዚያ ጠመዝማዛው ሁሉ ጉልበትሽ ላይ ያርፋል። ሌላው ችግርሽ አፍንጫው ቀና ማለቱ ነው፦ ዲስኩ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ወደ ግራ ይወድቃል። ከጀበና ቡና ስትቀጂ አንጓሽ እንደሚያዘነብለው አድርገሽ ያዢው። ስልክሽን ከኋላሽ አቁመሽ በዝግታ ቅረጪ፤ የዲስኩ የላይኛው ገጽ ከኋላ የሚታይሽ ከሆነ ገና አልታረመም፣ አዘንብዪው።

ዲስትሮየር የተባለውን ዲስክ እዚያው ተዪው። የፍጥነት ቁጥሩ 12 የሆነ ዲስክ ጠንካራ ክንድ ይጠይቃል፤ ሰባ ሜትር የምትወረውር ሰው እጅ ላይ ቶሎ ወደ ግራ መጣል ነው ሥራው። ሌፐርድ የፍጥነት ቁጥሩ 6 ሲሆን ይበቃሻል።

ከውርወራ ውጪ በሳምንት ሦስት ቀን ሩብ ሰዓት፦ በአንድ እግር መቆም 30 ሰኮንድ በየእግሩ ሦስት ጊዜ፣ በላስቲክ ትከሻን ወደ ውጭ ማዞር 15 በሁለት ዙር፣ አንድ ሊትር ውኃ በያዘ ላስቲክ ጠርሙስ አንጓን በዝግታ ወደ ታች ማውረድ 15 በሁለት ዙር። ይህ የመጨረሻው ለክርን ነው፣ አትዝለዪው።

ለሜዳ አዘዞ በኩል ሰፋ ያለ እናገኛለን፤ ማሳ ከሆነ እህሉ ተሰብስቦ ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ። በባሕር ዛፍ ተርታ መሀል ማሳለፍም ጥሩ ልምምድ ነው። ፋሲል ግንብና የፋሲለደስ መዋኛ ግቢ ግን ለዚህ አይሆኑም። ልጆች ለማየት መሰብሰባቸው ስለማይቀር ሁሉም ከኋላሽ ሳይቆሙ አንድም አትልቀቂ፤ ዲስክ ጥርስ ይሰብራል።

ግንቦት ላይ ዛፍ መሀል ከወደቅሽ በጠባብ ቀዳዳ ለማሳለፍ አትሞክሪ፤ በጎን ወደ ክፍቱ አውጪና አንድ ውርወራ ብቻ ክፈዪ። በግራ በኩል ከሜዳ ውጭ የሆነ መስመር ካለ ዲስክሽ መጨረሻ ላይ ወደዚያ እንደሚወድቅ አስበሽ በቀኝ በኩል አልሚ፤ ወጥቶ ቢቀር አንድ ቅጣት አለው። ነፋስ ከቀኝ ሲነፍስ በሃይዘር የተለቀቀ ዲስክ ሆዱ ለነፋሱ ስለሚጋለጥ ተነስቶ ወደ ግራ ይገፋል፣ ከግራ ሲነፍስ ተጭኖ ቀድሞ ይወድቃል። በሰዓቱ ተገኚ፤ ያልደረስሽበት ቅርጫት በፓሩ (ለቅርጫቱ በተመደበው የውርወራ ብዛት) ላይ አራት ተጨምሮ ይጻፍብሻል። ወረቀቱንም ሳትደምሪ አትፈርሚ። ለመሀል ለመሀሉ ቆሎ፣ ከዙር በፊት በሶ ይሻላል፤ እናትሽ ታዘጋጅልሻለች።

ከመነሳትሽ በፊት ስድስቱንም ፓተር በአንድ ክብደት ግዢ፣ 170 ግራም ገደማ፣ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ። ሻንጣ ውስጥ ደራርበሽ በጠፍጣፋቸው አስቀምጫቸው፤ በጎናቸው ከተጫኑ ይጣመማሉ፣ የተጣመመ ፓተር ደግሞ ልምምዱን ያበላሽብናል። ክብደታቸውንና የምትደርሺበትን ቀን ጻፊልኝ፣ ሰንሰለቱን ቀድሜ ላሰቅል።

እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።

አባትሽ