መብራቱን ማን ይከፍላል ላልሽኝ

እማዬ፣ እንደምን ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱን ለመድኩት ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ባለፈው መስመሩ ሲቆራረጥብን፣ «ደሞዝ ለማይከፍሉህ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በር ላይ የምትቆመው ምን ነክቶህ ነው? ሰው በነፃ ከገባስ መብራቱን ማን ይከፍላል?» ብለሽኝ ነበር። መልሱ ለስልክ ስለማይመች ልጻፍልሽ።

ቲያትር ቤቱ ሚክስድ ብለድ ይባላል፣ ድብልቅ ደም እንደማለት ነው። እኔማ መጀመሪያ ደም ባንክ መስሎኝ ነበር። ያለው እዚሁ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ሲዳር ሪቨርሳይድ የሚባለው የስደተኛ ሰፈር ውስጥ ነው። ሕንፃው በ1887 የተሠራ የእሳት አደጋ ጣቢያ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ1976 ጃክ ሩለር የሚባል የ22 ዓመት ልጅ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ያለሙትን እኩልነት መድረክ ላይ አሳያለሁ ብሎ ዘራቸው የተለያየ ተዋንያን ሰብስቦ ጀመረው። 22 ዓመት! እኔ በዚያ ዕድሜዬ ካልሲዬን የምታጥቢልኝ አንቺ ነበርሽ። እስከ 2022 ድረስ መራውና ለሌላ አስረክቦ ወጣ። የራሱ ንብረት ስላልሆነ ሊሸጠውም ለልጆቹ ሊያወርሰውም አይችልም። ለትርፍ ያልቆመ የሚሉት ይህንን ነው፤ ለሠራተኛው ይከፈላል፣ ከተረፈ ግን ወደ ሥራው ይመለሳል እንጂ ማንም ኪስ አይገባም።

በ2011 ደግሞ ነፃ መግቢያ ጀመሩ። ቦታ እንዲያዝልሽ ከፈለግሽ ትከፍያለሽ፣ ካልሆነ ቀደም ብለሽ መጥተሽ ተሰልፈሽ መግባት ነው። እኔም የገባሁት እንደዚያ ነው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥበብ ጠምቶኝ ሳይሆን ብርዱ ሊገድለኝ ሲል ለመሞቅ። ውስጥ ከገቡ በኋላ የከፈለውና ያልከፈለው አይለይም። አሁን በር ላይ ስቆም «ስንት ነው?» ብሎ ፈራ ተባ የሚለው ሰው «ዝም ብለህ ግባ» ሲባል ፊቱ እንዴት እንደሚፈታ ብታይ፣ ደሞዝ አትይኝም ነበር።

ወደ መብራቱ ልምጣ። እንዲህ ያለ ቤት በትኬት ብቻ አይኖርም። ግለሰቦች ይለግሳሉ፣ ፋውንዴሽኖችም ይረዳሉ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፦ በ2008 የዚህ ግዛት፣ የሚኒሶታ፣ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ የሽያጭ ታክሱን በ0.375 በመቶ ከፍ አደረገው። አብዛኛው ለውሃና ለዱር ነው፣ አንድ አምስተኛ ያህሉ ግን ለኪነ ጥበብና ለባህል ይሄዳል። ታክስ ጨምሩብን ብሎ የሚመርጥ ሕዝብ አይተሽ ታውቂያለሽ?

እንግዲህ ያቺን የላክሁልሽን ስልክ ስገዛ እኔም ከመብራቱ ትንሽ ከፍያለሁ ማለት ነው። ስልኳ ግን አሁንም ትቆራረጣለች አይደል? እሁድ እደውላለሁ፣ ግቢው ላይ ወጥተሽ አንሺው።

ልጅሽ