ለደንበኞቻችን፦ ስለ ክብረ ነገሥቱ መቅድምና ስለ ዋጋው

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን የምጽፈው ሱቅ እየመጣችሁም ስልክ እየደወላችሁም የተቆጣችሁኝን ሁሉ አንድ በአንድ ማስረዳት ስላቃተኝ ነው። አንዳንዶቻችሁን መልስ ሳልሰጥ ሸኝቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ሆድ ብሶኝ ነበር።

ነገሩን ላልሰማችሁ፣ ዘንድሮ እንደገና ባሳተምነው ክብረ ነገሥት፣ የነገሥታቱን ዘር ከንጉሥ ሰሎሞን በሚያያይዘው በጥንቱ መጽሐፍ ላይ 16 ገጽ መቅድም ጨመርን። ዋጋውም ከ450 ብር ወደ 780 ወጣ። ገሚሳችሁ በመቅድሙ ተቆጣችሁ፣ ገሚሳችሁ በዋጋው። በሁለቱም የተቆጣችሁ አላችሁ።

ይቅርታውን መጀመሪያ ልጨርስ። ቀብድ የከፈላችሁ ሰዎች ስለ ጭማሪው የሰማችሁት መጽሐፉን ልትወስዱ ስትመጡ ነው። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ቀብድ የከፈለ ሁሉ በድሮው ዋጋ ይወስዳል። ጨምሮ የከፈለም ደረሰኙን ይዞ ይምጣ፣ እመልሳለሁ።

ስለ መቅድሙ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

"ክብረ ነገሥትን ተረት አደረጋችሁት" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። አንድ አባት፣ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ደንበኛችን የሆኑ፣ "አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ቢኖር ይህን ያደርግ ነበር?" አሉኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ግን መቅድሙ ውስጥ ተረት የሚል ቃል የለም። ፈልጉት። የጻፍነው መጽሐፉ መቼ፣ በነማንና ለምን ተዘጋጀ የሚለውን ነው። እሱንም ቢሆን ከኪሳችን አላወጣነውም። አብዛኛው የተገኘው ከራሱ ከመጽሐፉ ነው። 117ኛውን ምዕራፍ ጨርሳችሁ ብትገልጡ፣ ይስሐቅ የሚባል ሊቅ ከጓደኞቹ ጋር ከዐረብኛ ወደ ግእዝ እንደመለሰው፣ ዐረብኛው ደግሞ በላሊበላ ዘመን ከቅብጥ ቋንቋ እንደተመለሰ፣ ያዕቢከ እግዚእ የሚባል ገዥም ለሥራው እንዳተጋቸው ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ይስሐቅ እዚያው ላይ አንድ ጥያቄ ያነሳል። መጽሐፉ ያኔ ወደ ዐረብኛ ከተመለሰ ለምን ወደ ግእዝ ሳይመለስ ቀረ? መልሱንም ራሱ ይሰጣል። የወጣው በዛጉዌ፣ በነላሊበላ ሥርወ መንግሥት ዘመን ስለሆነ ይሆናል ይላል፤ መጽሐፉ እስራኤላውያን ሳይሆኑ የሚነግሡ ሕግ ተላላፊዎች ናቸው ስለሚል።

እኔ ይህን ክፍል ለ20 ዓመት ሳላነብ መጽሐፉን ሸጫለሁ። አልዋሽም። ያነበብኩት አንድ የላስታ ሰው መጽሐፉን ገልጦ ባንኮኒው ላይ ካስቀመጠልኝ በኋላ ነው። "ላሊበላን ቅዱስ ብለን በስሙ ታቦት እናነግሣለን፤ እዚህ ደግሞ የሱ ወገን ሕግ ተላላፊ ተብሏል። የቱን ልያዝ?" አለኝ። ሰውየው አልተቆጣም፣ ከልቡ ነው የጠየቀው። መልስ አልነበረኝም። ሻይ አዘዝኩለትና ዝም ብለን ጠጣን። መቅድሙ የተጸነሰው ያን ቀን ነው።

መልሱ ሲፈለግ የሚገኘው ከታሪኩ ነው። ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን መንግሥት ጥሎ የነገሠው እ.ኤ.አ. በ1270 ነው። ይስሐቅና ጓደኞቹ የጻፉት ከዚያ ወደ 50 ዓመት ያህል ቆይተው፣ በዐምደ ጽዮን ዘመን ነው። አዲስ የመጣ ነጋሢ ጦር ብቻ አይበቃውም፣ ዘር ያስፈልገዋል። መጽሐፉ ይህን ዘር ሰጠ፤ ከሰሎሞንና ከማክዳ የተወለደ ቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከኢየሩሳሌም የመጣች ጽላት፣ የተመረጠ ሕዝብ። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያልተገኘ ዘር ዙፋን ላይ ሲቀመጥ እንግዳ ሆነ። መቅድማችን ያለው ይህንኑ ነው። ታቦቷ አክሱም የለችም አላልንም፣ ማክዳ አልነበረችም አላልንም። እሱ የኔ ሥራ አይደለም፣ እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ።

ደግሞ ከዚያኛው ወገን የመጣችሁ አላችሁ፣ በተለይ ተማሪዎቹ። "የገዥዎች ፕሮፓጋንዳ ለምን ታሳትማላችሁ?" ብላችሁኛል። እናንተንም አልገባችሁም እላለሁ፣ በፍቅር ነው የምለው። አንብቡት እስቲ! 520 ግመልና 73 መርከብ የነበረውን ነጋዴ ታምሪንን፣ ወደ ሰሎሞን ሄዶ ባየው ነገር ተደንቆ መጥቶ ለንግሥቲቱ ሲያወራላት አንብቡ። ሰሎሞን ጽላቷ መሄዷን ሲያውቅ እንደ ማንኛውም አባት፣ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ሲያለቅስ አንብቡ። አንገት ማስደፊያ ብቻ ተደርጎ የተጻፈ መጽሐፍ የራሱን ጠቢብ ንጉሥ እንዲህ አያስለቅስም።

ጉልበቱን ግን አልክድም። መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ሲዘረፍ ክብረ ነገሥትም ለንደን ገባ። አጼ ዮሐንስ አራተኛ በ1864 ዓ.ም. ለእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጽፈው መጽሐፉ እንዲመለስላቸው ለመኑ። "ያለ እሱ በአገሬ ሕዝቤ አይታዘዝልኝም" የሚል ነበር ነገሩ። መጽሐፉ ተመለሰላቸው። መድፍ አይደለም የጠየቁት፣ መጽሐፍ ነው። ከዚያም አልፎ በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ላይ የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ያያይዘዋል። አባቴ ያን ጊዜ ልጅ ነበር። ከ20 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ዙፋኑም ሕገ መንግሥቱም የሉም። መጽሐፉ አለ፣ ይኸው እስከ ዛሬ እኔን ያጣላኛል።

አባቴን ካነሳሁ ልጨርሰው። አባቴ ጠራዥ ነበር፣ በመርፌና በሰም በተቀባ ክር የሚሰፋ። በደርግ ጊዜ ስለ ነገሥታት የሚያወራ መጽሐፍ ከፊት መደርደር ልብ ይጠይቃል፤ እሱ አንዷን ቅጂ ጀርባዋን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከሒሳብ መጽሐፎች መሀል ያስቀምጣት ነበር። የሚፈልግ ሰው "የሒሳቡን" ይላል፣ አባቴ ይገባዋል። ስለዚህ እኒያ አባት "ይህን ያደርግ ነበር?" ሲሉኝ የከፋኝ ለዚህ ነው። እኛ ቤት ይህ መጽሐፍ ተደብቆም ኖሯል። አሁን የጨመርነው መቅድም ለመደበቅ አይደለም፣ ጀርባዋን ከግድግዳው ለማዞር ነው።

አሁን ወደ ብሩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ፣ የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ የወረቀት ነገር የነጋዴ ብቻ ሳይሆን የእግዜር ጉዳይ ሆኗል። ወረቀቱ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ክሩም፣ ሙጫውም፣ የማተሚያ ፕሌቱም። ዛሬ የሰማሁትን ዋጋ ነገ አላገኘውም። የሱቁ ኪራይም ሁለት ጊዜ ጨምሯል። "መቅድም ጨምራችሁ ነው ያስወደዳችሁት" ላላችሁ፣ መቅድሙ አንዲት ፎርማ ነው፣ አብራ ታትማና ታጥፋ የምትሰፋ የ16 ገጽ እጥፍ። በአንድ መጽሐፍ 20 ብር አይሞላም። ቀሪው የወረቀት፣ የሕትመትና የሁለት ሠራተኞች ደመወዝ ነው። እኔ ከመጋቢት ጀምሮ ለራሴ አልከፈልኩም። ይህን ልነግራችሁ አልፈልግም ነበር፣ ወጣልኝ።

ማርከስ ይቻል ነበር። ስፌቱን ትቶ በሙጫ ብቻ መለጠፍ ነው፤ ከመቶ ብር በላይ ይቀንስ ነበር። ማተሚያ ቤቱም መክሮኛል። ግን አባቴ "ሰው የሚሳለመው መጽሐፍ አይለጠፍም፣ ይሰፋል" ይል ነበር። ከሻሸመኔ ድረስ እየመጡ በግንባራቸው ነክተው የሚቀበሉ የራስታ ደንበኞች አሉን። ሦስቴ ሲገለጥ የሚበተን መጽሐፍ እንዴት ልስጣቸው? እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለሁም፣ ይቅርብኝ።

780 ብር አሁን የከበደው ሰው ደግሞ ይንገረኝ፣ በሁለት ጊዜ ይክፈል። ለነባር ደንበኛ መዝገብ አያስፈልግም፣ ፊታችሁን አውቃለሁ። ሌላ ቦታ ርካሽ አለ ከተባለም ሂዱ፣ አልቀየማችሁም። ብቻ ተመልሳችሁ ብትመጡ ደስ ይለኛል።

አንድ የቀረ ጉዳይ አለ። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛችን 16ቱን ገጾች በምላጭ ቆርጦ አምጥቶ ባንኮኒው ላይ ትቷቸው ሄደ። ወንድሜ፣ አላስቀየምከኝም ብል ውሸት ነው። ግን ከዚያ በላይ ያሳሰበኝ መጽሐፉ ነው። አንድ ፎርማ ሲወጣ የቀሪው ስፌት ይላላል፣ ገጾቹ ከመጀመሪያው ጀምረው አንድ በአንድ ይረግፋሉ። አምጣውና ልስፋልህ፣ በነፃ። መቅድሙን መልሼ አላስገባም፣ ካልፈለግከው አልፈለግከውም። የቆረጥካቸው ገጾች ግን መሳቢያው ውስጥ ናቸው፣ አልጣልኳቸውም።

አክባሪያችሁ፣
የመጽሐፍ ቤቱ ባለቤት