«የደቡብ ሰው» ስትሉ ማንን ማለታችሁ ነው?

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ሰሞኑን ስለ አሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ያወጣችሁትን ሐተታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። የተደከመበት ጽሑፍ ነው። ስለ ባርነትና ስለ ዘር መድልዎ የተነገረውም እውነት ነው። ቅር ያሰኘኝ ጸሐፊው «የደቡብ ሰዎች» እና «ጥቁሮች» እያለ ሁለት ወገን አድርጎ ማቅረቡ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የደቡብ ሰዎች የድሮዎቹን ተገንጣዮች ባንዲራና ሐውልት የሙጥኝ ይላሉ፤ ጥቁሮቹ ደግሞ ከሌላ አገር የመጡ ይመስል ከወዲያ ማዶ ይቆማሉ። እኔ ልጆቼን ወልጄ ያሳደግኩት ከደቡብ ግዛቶች አንዷ በሆነችው ጆርጂያ ውስጥ ነው። እዚህ በቅርብ ካወቅኋቸው የደቡብ ሰዎች አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ያረፉት በዚሁ ቀይ አፈር ውስጥ ነው። ከእነሱ የበለጠ የደቡብ ልጅ ማን ሊሆን ነው?

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። «ደቡብ ተገነጠለ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። በ1860 (ዓመታቱን በሙሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በባርነት ይኖር ነበር። በሳውዝ ካሮላይናና በሚሲሲፒ ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባሪያ ነበር። ሳውዝ ካሮላይና በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ከአሜሪካ ግዛቶች ኅብረት ወጥቻለሁ ስትል፣ ከግማሽ በላይ የሆነውን የገዛ ሕዝቧን የጠየቀው ማንም አልነበረም። ሚሲሲፒም ለመገንጠሏ ምክንያቷን ስታስረዳ፣ አቋሟ ከባርነት ሥርዓት ጋር ፍጹም የተቆራኘ መሆኑን በራሷ መግለጫ ጽፋለች። ከዚያ በኋላ በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ወደ 180,000 የሚሆኑ ጥቁር ወታደሮች ተገንጣዮቹን በተዋጋው የኅብረቱ ጦር ውስጥ ተሰለፉ፤ አብዛኞቹ ባርነት ከነበረባቸው ግዛቶች የወጡ ናቸው። በምሥራቅ ቴነሲ ተራሮች የሚኖሩ ብዙ ነጭ ገበሬዎችም መገንጠሉን አልተቀበሉም። የቨርጂኒያ ምዕራባዊ ክፍል ደግሞ ጭራሽ ተለይቶ በ1863 ዌስት ቨርጂኒያ የተባለ ራሱን የቻለ ግዛት ሆነ። እነዚህ ሁሉ የደቡብ ሰዎች ነበሩ። «ደቡብ ተገነጠለ» የሚለው አባባል ግን አንዳቸውንም አያስታውስም።

ከመቶ ዓመት በኋላ ያለውም ታሪክ እንዲሁ ነው። «ደቡብ የሲቪል መብቶችን ሕግ (የዘር መድልዎን የከለከለውን የ1964ቱን ሕግ) ተቃወመ» ይባላል። ለእኩል መብት የታገሉትስ እነማን ነበሩ? ሮዛ ፓርክስ የአላባማ ልጅ ናቸው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ተወልደው ያደጉት እዚሁ አትላንታ ነው። ጆን ሉዊስ አላባማ ውስጥ፣ ትሮይ ከተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ከጭሰኛ ገበሬዎች ተወለዱ። ፋኒ ሉ ሄመር ከሚሲሲፒ የጥጥ ማሳ ወጥተው ነው አገር ያንቀጠቀጡት። ሕጉን የፈረሙት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እንኳ የቴክሳስ ሰው ናቸው። ተቃወሙ የተባሉት ሴናተሮች የተመረጡትስ በማን ድምፅ ነበር? በሚሲሲፒ የ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ከመውጣቱ በፊት ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ጥቁሮች መካከል በመራጭነት የተመዘገቡት ከ100 ሰባት እንኳ አይሞሉም ነበር። ድምፅ የተነፈገውን ሰው ዛሬም በጽሑፍ ከደቡብ ሰውነት ስናስወጣው፣ ያኔ የተሠራበትን ግፍ እኛም በብዕራችን እየደገምነው ነው።

ደቡብ ሲነሣ ሁሉም የሚስማማበት ነገር ቢኖር የሰው አክባሪነቱ ነው። ይህን እኔም እመሰክራለሁ። ከማያውቁት ሰው ጋር መንገድ ላይ ሰላም ይባባላሉ፤ ልጅ ታላቁን በስሙ ብቻ ጠርቶ አያልፍም፤ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። እናቴ አዲስ አበባ ያረፈች ጊዜ፣ ከተማው ማዶ ያሉት የዕድራችን ሰዎች ተሰባስበው እስኪደርሱ የሠፈሬ ሰዎች ቀድመው በሬ ላይ ነበሩ። አንዷ የተጠበሰ ዶሮ፣ አንዷ በአይብ የተጋገረ ማካሮኒ፣ አንዷ የስኳር ድንች ፓይ ይዛ መጣች። የሳህኖቹ ሥር ሁሉ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፎበታል። ሐዘንተኛ የማንን ዕቃ ለማን ልመልስ ብሎ እንዳይጨነቅ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ቁጭ ብለው እጄን ያዙና ምንም ሳይናገሩ ረጅም ጊዜ ቆዩ። የለቅሶን ወግ ከእኛ ይልቅ የሚያውቁ ሆነው አገኘኋቸው።

ይህ አክብሮት ግን ለረጅም ዘመን ለሁሉም እኩል የሚሰጥ አልነበረም። በመድልዎው ዘመን ነጮች ሽማግሌውን ጥቁር «ልጅ» ብለው ይጠሩት ነበር። ባለትዳር ጥቁር ሴት ወይዘሮ ተብላ አትጠራም፤ በስሟ ብቻ ነው። በ1963 ሜሪ ሃሚልተን የተባለች የመብት ታጋይ አላባማ ውስጥ ጋድስደን ከተማ ፍርድ ቤት ቀረበች። ዐቃቤ ሕጉ «ሜሪ» ብሎ ሲጠራት፣ እንደ ነጭ ምስክሮች ሁሉ «ሚስ ሃሚልተን» ካልተባልኩ አልመልስም አለች። ዳኛው ፍርድ ቤት ደፍረሻል ብለው እስርና መቀጮ ፈረዱባት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964 ውሳኔውን ሻረው። አንተና አንቱ የሚለይ ሕዝብ ይህች ሴት ምን እንደጠየቀች ለመረዳት ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ዛሬ የጆርጂያ ልጆች፣ የእኔዎቹም ጭምር፣ ታላላቆቻቸውን «የስ ማም»፣ «የስ ሰር» ሲሉ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ይህ አክብሮት ለጥቁሮቹም እንዲደርስ ግን እስር ቤት የገባችለት ሰው አለች።

ወደ ማዕዱ ልምጣ። የደቡብ ምግብ እየተባለ በየምግብ ቤቱ የሚሸጠውን ማን ፈጠረው? ባሚያውም ጥቁር ዓይናማው አተርም የመጡት ከአፍሪካ ነው። የሳውዝ ካሮላይና ባለርስቶች የከበሩበት ሩዝ የተመረተው ሩዝ ማልማትን በምዕራብ አፍሪካ ባወቁ ሰዎች ዕውቀትና ጉልበት ነው። የነጮቹ የገጠር ሙዚቃ መለያ ተደርጎ የሚታየው ባንጆ እንኳ መነሻው አፍሪካ ነው። ሐበሾች አሜሪካ ውስጥ ለጎመን ወጥ የምንገዛው ኮላርድ የተባለው ሰፋፊ ቅጠል ደግሞ የደቡብ እናቶች የእሑድ ምግብ ነው። ያቺ ጎረቤቴ ሲሠሩት አይቻለሁ። ቅጠሉን ሦስት ጊዜ በውኃ ያጥባሉ፤ ወፍራሙን ግንድ ገንጥለው ያወጣሉ፤ ቅጠሉን ደራርበው ይጠቀልሉትና ቀጠን አድርገው ይከትፉታል። እስከዚህ ድረስ የእናቴ ጓዳ ነው። ከዚያ በጢስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ይጨምሩና ለሰዓታት ይቀቅሉታል፤ መረቁን በበቆሎ ዳቦ እያጠቀሱ ይበሉታል። እኔ አሳማ እንደማልበላ ሲያውቁ በሚቀጥለው እሑድ በተርኪ ዶሮ ሥጋ ሠሩት። ጾም መሆኑን ስነግራቸው ደግሞ ሥጋውን ትተው በሽንኩርትና በቃሪያ ብቻ ሠርተው ላኩልኝ። «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን የመዝሙረ ዳዊት ቃል ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ያውቁታል፤ በደቡብ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ትውልድ ሲነበብና ሲሰበክ የኖረ ቃል ነው። የአገሬን ስም እኔን ከማወቃቸው በፊት ያውቁት ነበር።

በ1910 እና በ1970 መካከል ስድስት ሚሊዮን የሚያህሉ ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ተሰደዱ። የሸሹት የሰቀላ ግድያን፣ የጭሰኝነት ዕዳንና ውርደትን ነው። ከሚሲሲፒ በባቡር ቺካጎ የገባ ቤተሰብ ግን ልጆቹን በየክረምቱ ወደ አያቶቻቸው ይልክ ነበር። ዛሬም ድረስ ቤተ ክርስቲያኖቹ በየዓመቱ «ሆም ካሚንግ» (ወደ ቤት መመለስ) የሚሉትን እሑድ ሲያከብሩ ከዲትሮይትና ከክሊቭላንድ የሚመጣው መኪና ሣሩ ላይ ሁሉ ይሰለፋል። መጀመሪያ የሚሄዱት መቃብር ለማጽዳት ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ጠቅልለው ወደ ደቡብ መመለስ ጀምረዋል፤ አትላንታን ያሳደጓት እነሱም ናቸው። በበደል ከወጡበት አገር ጋር ይህን ያህል የተሳሰረ ሕዝብን የአካባቢው ባለቤት አይደለም የሚል ሰው፣ ስደትን ከሚያውቁ ሐበሾች መካከል መገኘት አልነበረበትም።

ነጮቹን የደቡብ ሰዎች ሁሉ በአንድ ባንዲራ ሥር መደርደርም ትክክል አይደለም። ጂሚ ካርተር፣ የፕሌይንስ ጆርጂያው ኦቾሎኒ ገበሬ፣ በኋላም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት፣ በ1971 አገረ ገዥ ሆነው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ የዘር መድልዎ ዘመን አብቅቷል ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ያን ዕለት ያዳመጧቸው ብዙ መራጮቻቸው ይህን ለመስማት አልመጡም ነበር። ባንዲራውን በተመለከተም የጆርጂያ ባለሥልጣናት የኮንፌደሬቱን (የተገንጣዮቹን ግዛቶች) የጦር ምልክት በግዛቲቱ ሰንደቅ ላይ ያኖሩት ጦርነቱ ካበቃ ከዘጠና ዓመት በኋላ፣ በ1956 ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጭና ጥቁር ተማሪዎችን መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ከወሰነ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። በ2001 በጣም አነሰ፤ በ2003 ጭራሽ ተነሣ። ቅርስ ነው ለሚሉት መልሱ በዚህ የጊዜ ቅደም ተከተል ውስጥ አለ።

እኔ የምኖርበት የክላርክስተን አካባቢ ከብዙ አገር በመጡ ስደተኞች የተሞላ ነው። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ስቶን ማውንቴን የሚባለው ግዙፍ ዐለት አለ፤ በጎኑ ላይ የተገንጣዮቹ ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ዴቪስና ጄኔራሎቹ ሮበርት ሊ እና ስቶንዎል ጃክሰን በፈረስ ላይ ሆነው ተቀርጸዋል። ጥቁሮችን በማሸበር የሚታወቀው የነጮች ማኅበር ኩ ክለክስ ክላን በ1915 እንደገና የተቋቋመው በዚሁ ተራራ ጫፍ ላይ ነው። ቅርጹ የተመረቀው በ1970 ነው። ቅዳሜ ጠዋት ተራራው ላይ በእግር ሽቅብ ከሚወጡት መካከል ዛሬ ጥቁር ቤተሰቦች፣ ሶማሌዎች፣ በርማዎች፣ ነጠላ የለበሱ እናቶቻችንም አሉ። ልጆቻችን የጆርጂያን ቅላፄ እየተናገሩ ነው የሚያድጉት። «ከየት ነህ?» ሲባሉ «ከደቡብ» የሚሉ አሉ፤ ወላጆችም ሲደነግጡ አይቻለሁ። የድንጋጤው ምክንያት ቃሉን የምናውቀው በዜና ከምናየው ባንዲራ ጋር ስለሆነ ነው። እባካችሁ አትደንግጡ። ልጁ ራሱን ያስጠጋው ከሮዛ ፓርክስና ከጆን ሉዊስ ወገን ነው። በነገራችን ላይ የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ ሜሪላንድን፣ ቨርጂኒያንና ዋሽንግተን ዲሲን የሚመድባቸው ከደቡብ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሆነው ይህን የሚያነቡ ወገኖቼም በዚያ ካርታ የደቡብ ነዋሪዎች ናቸው።

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ነጮችን ማለታችሁ ከሆነ «የደቡብ ነጮች» ብላችሁ ጻፉ። የግዛት ምክር ቤትን ውሳኔ «የደቡብ ሕዝብ ውሳኔ» አታድርጉት። ከሁሉም በላይ ጥቁሮቹን በተበዳይነት ብቻ አታሳዩን፤ አገሩን ያበጁት፣ ምግቡን፣ ዜማውንና ወጉን የፈጠሩት እነሱም ናቸውና እንደ ባለቤት አሳዩን።

ለቀጣይ ሐተታ ርዕስ ካስፈለጋችሁ በጆርጂያ ጠረፍ ያለችውን ሳፔሎ ደሴትን እጠቁማለሁ። እዚያ ሆግ ሃሞክ በምትባል መንደር ጉላ ጊቺ የሚባሉ፣ የሩዙንና የጥጡን እርሻ ያለሙ ባሪያዎች ዘሮች ይኖራሉ፤ መሬቱን ከነፃነት በኋላ በገንዘባቸው ገዝተው የቆዩ ቤተሰቦች ናቸው። በ2023 የካውንቲው (የወረዳው) አስተዳደር በመንደሩ የሚፈቀደውን የቤት ስፋት ከፍ አደረገ። ሀብታም እንግዶች ትልልቅ ቤት ሲሠሩ ግብሩ ንሮ ከርስታችን ይነቅለናል ብለው ነዋሪዎቹ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደውታል። ዘጋቢያችሁ ሄዶ ቢያነጋግራቸው፣ ስለ ደቡብ ሰውነት ከማናችንም በተሻለ ያስረዱታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከክላርክስተን፣ ጆርጂያ