በተሰናባቾቹ ላይ አትፍረዱ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በስፖርት ገጻችሁ ለሬስሊንግ ቦታ መስጠታችሁን እወድላችኋለሁ። ውጤቱ አስቀድሞ የሚጻፍ የትግል ትርኢት የሚያቀርበው የአሜሪካው ኩባንያ ደብሊው ደብሊው ኢ (WWE) ተፋላሚዎቹን ባሰናበተ ቁጥር ግን ዜናችሁ የሚነግረን ብቃት እንዳነሳቸው ብቻ ነው። ይህ ፍርድ አግባብ አይደለም።

ማን እንደሚያሸንፍ፣ ማን ማይክሮፎን እንደሚጨብጥ፣ ማን ከመጋረጃ ጀርባ እንደሚቀር የሚወስኑት ታሪኩን የሚጽፉት ሰዎችና የበላያቸው ናቸው፤ ለአሥርተ ዓመታት የኩባንያው አለቃ ቪንስ ማክማን፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ወዲህ ደግሞ የቀድሞው ተፋላሚ ትሪፕል ኤች። በትያትር ቤት የመድረክ ሥራ ላይ ስለቆየሁ ነገሩን አውቀዋለሁ። ድርሰቱ ሲወድቅ ተመልካች የሚያየው ተዋናዩን ነው፤ ስድቡንም የሚቀበለው እርሱ ነው።

ድሩ ማኪንታየርን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ቪንስ ማክማን ራሱ የወደፊቱ የዓለም ሻምፒዮን ብሎ ለሕዝብ አስተዋወቀው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን ከጂንደር ማሃልና ከሂዝ ስሌተር ጋር የሮክ ባንድ አባል አደረጉት። ሦስቱ በሌለ ጊታር እየተወዛወዙ ይገባሉ፣ ተሸንፈው ይወጣሉ። በሰኔ 2014 ማኪንታየርና ማሃል በአንድ ቀን ተሰናበቱ። ማሃል ተመልሶ በ2017 ራንዲ ኦርተንን አሸንፎ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ወሰደ። ማኪንታየር ደግሞ በሌሎች መድረኮች ራሱን አጎልብቶ ተመለሰና በሚያዝያ 2020 በኩባንያው ታላቅ ዓመታዊ ዝግጅት፣ በሬስልማኒያ 36፣ ብሮክ ሌስናርን ጥሎ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ወር፣ ሳይሰናበት የቀረው ስሌተር ከሥራ ወጣ! ታዲያ በ2014 የጎደለው የማን ብቃት ነበር?

ስለዚያ ሚያዝያ ሳነሣ አሁንም እናደዳለሁ። ኩባንያው ወረርሽኙን ምክንያት አድርጎ ብዙ ሰው አሰናበተ፤ የዚያ ዓመት ገቢው ግን ወደ 974 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ እስከዚያ ካገኘው ሁሉ በልጧል። ይህን ያላነሣ ዜና የተሰናባቹን ስም ያጎድፋል።

ኮዲ ሮድስም አለ። ፊቱን ቀለም ቀብተው ስታርደስት የሚባል ገጸ ባሕርይ ሰጡት። ወደ ራሱ ስም እንዲመልሱት ደጋግሞ ጠይቆ ሰሚ ሲያጣ፣ በ2016 ራሱ ስንብት ጠይቆ ሄደ። በ2022 ኮዲ ሮድስ ሆኖ ተመለሰ፤ በሚያዝያ 2024 ፊላደልፊያ ላይ ሮማን ሬይንስን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። በሰኔ 2025 ደግሞ አንጋፋው ተፋላሚ አር ትሩዝ ውሉ እንደማይታደስ ሲሰማ ተመልካቹ በየአዳራሹ ስሙን እየጠራ ጮኸ፤ ሳምንት ሳይሞላው ሰውየው ተመለሰ። ጽሑፍ ክፍሉ ያላየውን ሕዝቡ አይቶታል።

ስለዚህ የሚቀጥለውን የስንብት ዜና ስታትሙ፣ ሰውየው በመጨረሻዎቹ ወራት ምን ዓይነት ታሪክ እንደተሰጠው፣ በቴሌቪዥን ይታይ እንደነበርና ትዕዛዙን የሰጠው ማን እንደሆነ አብራችሁ እንድትጽፉልን እጠይቃለሁ።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ